ብዙ በሽታ በአንድ አውሬ፣ ብዙ መንጋ በአንድ ውኃ

ስለ እንስሳት በሽታ መከላከል በተነሣ ቁጥር የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ አንድ በሽታና ስለ አንድ ዓይነት እንስሳ ነው። የአባ ሰንጋ ክትባት ይሰጣል፤ ያ ሲያልቅ የአፍተ እግር ይነሣል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ተራው የመዥገር ወይም የጉበት ትል ይሆናል። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ በጀት፣ የራሱ ቅጽና የራሱ ሪፖርት አለው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በእርሻ ኮሌጅ ለዲፕሎማ ሲማርም መማሪያ መጻሕፍቱ የተዘጋጁት በዚሁ ሥርዓት ነበር፤ ለእያንዳንዱ በሽታ አንድ ምዕራፍ። እንስሳው ግን በምዕራፍ አይታመምም። በአንድ ሰውነት ውስጥ ሳንባ ነቀርሳው፣ የሳንባ ትሉ፣ መዥገሩና ዓይን የማያየው ቫይረስ በአንድ ጊዜ ሊኖሩ ይችላሉ፤ አብረው መኖር ብቻም ሳይሆን አንዱ ለሌላው መንገድ ይጠርጋል።

ይህ ነገር ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በዱር እንስሳት ላይ ነው። የቤት እንስሳ ቢታመም ባለቤት አለው፤ ይከተባል፣ ይታከማል፣ ካልሆነም ይታረዳል። የዱር አውሬ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የያዘውን ሁሉ ተሸክሞ ያድጋል። ስለዚህ ከብት ከአውሬ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚጠብቀው አንድ በሽታ ሳይሆን የበሽታዎች ማኅበር ነው። በእኛ አስተያየት የመከላከሉ ሥራ በሽታዎቹን አንድ በአንድ ከማሳደድ ይልቅ እንስሳቱ የሚገናኙበትን ቦታ፣ ይኸውም ውኃውን፣ መኖውንና ሬሳውን ዒላማው ማድረግ ይኖርበታል። ለዚህ አባባላችን ማስረጃ የምናገኘው ከሩቅ አገር ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩ ከእኛም ደጃፍ የራቀ አለመሆኑን ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

በዱር አጋዘንና በዱር አሳማ ላይ የሚደራረቡትን በሽታዎች ለብዙ ዓመታት ካጠኑት አገሮች አንዷ ስፔን ናት። በደቡብ ምዕራብ ስፔን፣ የጓዳልኪቪር ወንዝ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ በሚገባበት አካባቢ፣ ዶኛና የተባለ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ቦታው በዝናቡ ወራት ውኃ የሚተኛበት ረግረግ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ግን ይደርቃል። የእነርሱ ድርቅ የሚከፋው እኛ ክረምት ስንገባ ነው ማለት ነው። በፓርኩ ውስጥ የዱር አሳማ፣ ቀይ አጋዘን፣ ነጠብጣብ ያለው አነስተኛ አጋዘን፣ ከእነርሱም ጋር የአካባቢው አርቢዎች ከብት ይሰማራሉ።

አንባቢ እንዳይምታታበት አንድ ነገር እናስታውስ። በእኛ አገር አጋዘን የሚባሉት፣ የባሌው የደጋ አጋዘን ጭምር፣ ከአውሮፓው አጋዘን ጋር ዝምድናቸው ሩቅ ነው። የአውሮፓው ወንድ አጋዘን ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል፤ የእኛዎቹ አይጥሉም። የዱር አሳማውም ከከርከሮ የተለየ ነው። የቤት አሳማ የተገኘው ከእርሱ ዘር ስለሆነ፣ የቤት አሳማን የሚይዙ አብዛኞቹ በሽታዎች እርሱንም ይይዙታል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሞ በወጣ ጥናት መሠረት፣ በዶኛና ከተመረመሩት የዱር አሳማዎች መካከል 52 በመቶ ያህሉ፣ ከቀይ አጋዘኖቹ 27 በመቶ ያህሉ፣ ከነጠብጣባሞቹ ደግሞ 18 በመቶ ያህሉ የከብት ሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ባክቴሪያ ተገኝቶባቸዋል። ከሁለት አሳማ አንዱ ማለት ነው። እነዚህ አውሬዎች ታዲያ በየጫካው ወድቀው የሚያቃስቱ አልነበሩም፤ አብዛኞቹ ይሮጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይወልዳሉ።

ምክንያቱም የሳንባ ነቀርሳ ዝግተኛ በሽታ ነው። ሰውነት በጀርሙ ዙሪያ እንደ ግንብ ያለ ነገር ሠርቶ ያግደዋል፤ በዚህ ሁኔታ እንስሳው ዓመታት ሊኖር ይችላል። በዱር አሳማ ላይ ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በመንጋጋ ሥር ባሉት ዕጢዎች ነው፤ ይህም ጀርሙ በሚበላና በሚጠጣ ነገር የሚገባ መሆኑን ያመለክታል። ግንቡ እስከቆመ ድረስ እንስሳው ለጎረቤቱ የሚያስተላልፈው ትንሽ ነው። ግንቡ ሲፈርስ ግን በምራቁ፣ በንፍጡና በኩሱ ጀርሙን ይረጫል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ግንቡን የሚያፈርሰው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ሌሎቹ በሽታዎች የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ሰርኮ ቫይረስ የሚባለው የአሳማ ቫይረስ የሚያጠቃው ሰውነት በሽታን የሚከላከልባቸውን ዕጢዎች ራሳቸውን ነው፤ ዘበኛውን አስቀድሞ እንደሚገድል ሌባ ነው። አውየስኪ በተባለው በሽታ የተያዘ አዋቂ አሳማ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሞትም፤ ቫይረሱ በነርቭ ሥር አድፍጦ ይቀመጥና እንስሳው በረኃብ፣ በወሊድ ወይም በመሳደድ በተጨነቀ ጊዜ ይነሣል። (የእንዲህ ያለውን አሳማ ጥሬ ሥጋ የበላ አዳኝ ውሻ ግን በበሽታው ከተያዘ አይድንም።) የሳንባ ትሉ መንገድ ከሁሉም ይገርማል። እንቁላሉ ከአሳማው ኩስ ጋር ይወጣል፤ አፈር ውስጥ የሚኖረው የመሬት ትል ይውጠዋል፤ አሳማው በአፍንጫው አፈር ሲገለብጥ ያንኑ የመሬት ትል ይበላል፤ እጩም ከአንጀት ተነሥቶ ሳንባ ይደርሳል። አፈር መቆፈር የአሳማ ተፈጥሮ ስለሆነ ከዚህ ትል የሚያመልጥ የዱር አሳማ ጥቂት ነው። በምዕራብ ስፔን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናትም በዱር አሳማ ላይ የሳንባ ነቀርሳው መክፋት ከእንዲህ ካሉት የተለመዱ በሽታዎች ጋር አብሮ የሚሄድ መሆኑን አሳይቷል።

አጋዘኑም ቢሆን ነፃ አይደለም። መዥገር ወደ ደሙ የሚያስገባቸው ተህዋስያን፣ የጉበት ትልና የሆድ ውስጥ ትላትል ይኖሩበታል። በዚያ ላይ የመራቢያው ወቅት አለ። በስፔን ወንዱ ቀይ አጋዘን ለሴቶቹ የሚፋለመው በመስከረም ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ መብላቱን ስለሚቀንስና ኃይሉን ሁሉ በጩኸትና በግጥሚያ ስለሚጨርስ በጣም ይከሳል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ድርቁ ባለቀበት ሳይሆን ገና ባልለቀቀበት ሰዓት፣ ሣሩ በተቃጠለበትና ውኃው በጥቂት ኩሬዎች ብቻ በቀረበት ጊዜ ነው። የደከመ ሰውነት፣ ያደፈጠ በሽታና አንድ ኩሬ በአንድ ሳምንት ይገናኛሉ።

ኩሬውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በበጋ የሚደርቅ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት ከብቱ ይጠጣል፣ ይሸናል፣ እበቱን ይጥላል። ማታ አጋዘኑ ይመጣል። ሌሊት አሳማው ይመጣና መጠጣት ብቻ ሳይሆን ጭቃው ውስጥ ይንከባለላል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ፀሐይና ድርቀት ይገድሉታል፤ ጥላና እርጥበት ባለበት ጭቃ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በማግስቱ ጠዋት ከብቱ ተመልሶ እዚያው ይጠጣል።

ጉዳቱን የሚከፍለው ከብት አርቢው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት በሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የተያዘች ላም ትታረዳለች፤ መንጋውም በተደጋጋሚ ተመርምሮ ነፃ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ልብ አይሸጥም። ካሳ ይከፈላል፤ ቢሆንም ለብዙ ዓመታት ተመርጦና ተዳቅሎ የተገኘ የላም ዘር በገንዘብ አይተካም። አርቢው መንጋውን አጽድቶ ሲጨርስ አሳማው በዚያው ኩሬ ይጠብቀዋል። በአንድ በኩል አርቢው አሳማውን ይከስሳል፤ በሌላ በኩል በአደን የሚተዳደሩት ባለይዞታዎች ከብቱን ይከስሳሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ በሽታው በሁለቱም አቅጣጫ ይተላለፋልና።

ምርመራው ራሱም የሚታለልበት ጊዜ አለ። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በከብቱ አንገት ቆዳ ውስጥ መድኃኒት ይወጋል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱ ይለካል። እብጠቱ የሚመጣው ሰውነቱ ጀርሙን ስለሚያውቀውና ስለሚቆጣ ነው። የጉበት ትል ያለበት ከብት ግን የሰውነቱ መከላከያ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚዞር ቁጣው ይቀዘቅዛል፤ እብጠቱም ያንሳል። በእንግሊዝና በዌልስ የወተት ከብት ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ይህንኑ አመልክቷል፤ የጉበት ትል በበዛበት አካባቢ የታመመ ከብት ጤነኛ ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። ረግረግ ግጦሽ ባለበት በደጋው አገራችን የጉበት ትል ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ለገበሬ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል።

ይህን ሲሰማ አንዳንድ ሰው «እንግዲያውስ ለሁሉም የትል መድኃኒት መስጠት ነው» ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ባልከፋ ነበር። በደቡብ አፍሪካ ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ በዱር ጎሾች ላይ ሙከራ ተደርጓል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ለአንዳንዶቹ ጎሾች የትል መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ለሌሎቹ አልተሰጣቸውም። መድኃኒቱን ያገኙት ጎሾች በሳንባ ነቀርሳ ከመያዝ አልዳኑም፤ ከተያዙ በኋላ ግን ካልታከሙት ይልቅ እጅግ ረዝመው ኖሩ። ለእያንዳንዱ ጎሽ ይህ መልካም ነው። ለመንጋው ግን መልካም አልሆነም፤ በሽታውን የያዘ ጎሽ ዕድሜው በረዘመ መጠን ለብዙ ጎሾች ያስተላልፋል። ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት የበሽታው የመዛመት ኃይል 8 እጥፍ ይጨምራል። አንዱን በሽታ ብቻ ነጥሎ ማከም ለሌላው በር ሊከፍት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አናውቅም። የቤት ከብት ለወተቱና ለጉልበቱ ሲባል መታከሙ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ የትል መድኃኒት ብቻውን የበሽታ መከላከል ዕቅድ ተብሎ ሊጻፍ አይገባም።

አውሬውን መጨረስስ? ይህ ሐሳብ በየአገሩ ይነሣል። በስፔን አንዳንድ ቦታዎች የዱር አሳማን ቁጥር በአደን መቀነሱ የሳንባ ነቀርሳውን መጠን አሳንሷል። ነገር ግን የዱር አሳማ በአንድ ወሊድ ብዙ ግልገል ይጥላል፤ አደኑ በተቋረጠ ማግስት ቁጥሩ ይመለሳል። ደግሞም አሳማው ከመጠን በላይ እንዲበዛ ያደረገው ሰው ራሱ ነው። በአደን ይዞታዎቹ ውስጥ አጋዘንና አሳማ በርከት እንዲሉ መኖ ይበተንላቸዋል፣ ውኃ ይቀዳላቸዋል፣ ዙሪያው ይታጠራል። በአንድ እጅ እያበሉ በሌላው እጅ መተኮስ ምን ይሉታል?

የአሜሪካኗ ሚሺጋን ክፍለ ግዛትም በዚሁ መንገድ አልፋለች። እ.ኤ.አ. በ1994 በሰሜን ምሥራቅ ሚሺጋን በታደነ ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ላይ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ተገኘ፤ በሽታው ቀደም ሲል ከከብት ወደ አጋዘኑ እንደተላለፈ ይታመናል። አጋዘኖቹ እንዲያዙበት ያደረገው ዋናው ነገር በክረምቱ ብርድ እንዳያልቁና ለአዳኝ እንዲበዙ ተብሎ ይከመርላቸው የነበረው መኖ ነው። በአንድ ክምር ዙሪያ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ሲበሉ አንዱ የላሰውን ሌላው ይልሳል። ግዛቲቱ በአካባቢው መኖ መከመርን መከልከል ግድ ሆነባት።

ሬሳም እንዲሁ ነው። የዱር አሳማ የሞተ እንስሳ ይበላል፤ አዳኝ አጋዘን ገድሎ ሆድ ዕቃውን ሜዳ ላይ ጥሎ ሲሄድ ለአሳማው ድግስ ነው። በዚያ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ አሳማው ይሸጋገራል። በስፔን ይህ የአደን ትርፍራፊ በሕግ እንዲሰበሰብ ከተደረገ በኋላ በአሳማዎቹ ላይ የሳንባ ነቀርሳው መጠን ቀንሷል። ከሳንባ ነቀርሳ ውጪም ቢሆን ሬሳን ማንሣት ያስገኘው ውጤት ታይቷል። የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ቼክ ሪፑብሊክ፣ በ2018 ወደ ቤልጂግ የዱር አሳማዎች በገባ ጊዜ ሁለቱም አገሮች ሊያጠፉት የቻሉት ቦታውን አጥረው፣ ጫካውን በሰው አሳሰው፣ የሞተውን ሁሉ ከለቀሙ በኋላ ነው። (ይህ በሽታ መጀመሪያ በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1921 በኬንያ ነው። የእኛ ከርከሮ ቫይረሱን ከጉድጓዱ መዥገር ይቀበላል፤ ሆኖም አይታመምበትም። ያው ቫይረስ የአውሮፓውን የዱር አሳማ ይፈጃል።)

በስፔን ከሚሠሩት ሥራዎች መካከል ለእኛ አገር ገበሬ ቅርብ መስሎ የታየን የውኃው ጉዳይ ነው። አንዳንድ እርሻዎች ከብቱ የሚጠጣበትን ገንዳ ከፍ አድርገው ይሠራሉ ወይም አሳማና አጋዘን እንዳይገቡበት አድርገው ያጥራሉ፤ ለአውሬው ሌላ ውኃ ይተውለታል። አጥሩ የሳንባ ነቀርሳን ከሰርኮ ቫይረስ አይለይም፤ የሚያግደው መገናኘትን ነው። ለየበሽታው የተለየ ክትባት እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልገውም። ለዱር አሳማ ግልገሎች በመኖ ውስጥ የሚሰጥ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ተሞክሮ ጥሩ ውጤት ያሳየ ቢሆንም፣ እርሱም የሚሠራው ለአንድ በሽታ ብቻ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የአውሮፓው አጋዘንና የዱር አሳማ እዚህ የሉም። ድኩላ፣ ከርከሮ፣ ጎሽ፣ አምባራይሌና የደጋ አጋዘን ግን አሉ፤ በአንድ ኩሬ መጠጣቱም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የነበረውን ክፉ ቀን ያመጣው የደስታ በሽታ በአፍሪካ ከብቱን ብቻ ሳይሆን ጎሹንም ጨርሷል። መልካሙም ነገር እንዲሁ ከከብት ወደ አውሬ ይሄዳል። በታንዛኒያ ሰረንጌቲ ዙሪያ ያሉ ከብቶች በተከተቡ ጊዜ በሽታው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከአውሬዎቹም ጠፋ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሩብ ሚሊዮን ገደማ የነበረው ዊልደቢስት የተባለው አውሬ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ለአውሬው አንድም መርፌ አልተወጋም። የደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል።

ሌሎቹ ግን አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 በማጎ ብሔራዊ ፓርክ አባ ሰንጋ ገብቶ ከአንድ ሺህ በላይ የዱር እንስሳት ሞተዋል፤ አብዛኞቹ አምባራይሌዎች ነበሩ። በባሌ ተራሮች ደግሞ ቀይ ቀበሮዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በእብድ ውሻ በሽታ፣ ከዚያ የተረፉት በ2015 ዲስተምፐር በተባለው የውሻ በሽታ ተመቱ። ሁለቱም በሽታዎች የሚመጡት ከመንደር ውሾች ነው። ለአንደኛው በሽታ የተከተበ ቀበሮ ከሁለተኛው አያመልጥም፤ ውሻውን በቤቱ ማቆየትና ማስከተብ ግን ለእረኛውም ለቀበሮውም ይበጃል።

ከዚህ አኳያ ሲታይ በየቀበሌው ያለው የልማት ሠራተኛና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሊሠሩት የሚገባው ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የክትባት ፕሮግራም ሲወጣ ከፓርክና ከጫካ ጋር የሚዋሰኑ ቀበሌዎች መጨረሻ ላይ መደረሳቸው ቀርቶ ቢቀድሙ፣ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባትም በእነርሱ ቢጀመር ይሻላል። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በሞንጎሊያ ሳይጋ የሚባሉትን የዱር እንስሳት በሺዎች የፈጀው ከበግና ከፍየል ተሻግሮ ነው። አዲስ የውኃ ገንዳ ሲሠራ ከብቱ ገብቶ የማይራገጥበት፣ የተረፈው ውኃም ዙሪያውን ጭቃ የማያደርግበት ሆኖ መሠራት አለበት፤ የጉበት ትል ተሸካሚ ቀንድ አውጣም የሚራባው እንዲህ ባለው ጭቃ ነው። ወርኃዊው ሪፖርት ላይም ሞተው ስለተገኙ የዱር እንስሳት የሚጻፍበት አንድ መስመር ሊኖር ይገባል። ድኩላ ሞተ ብሎ ለባለሙያ የሚናገር እረኛ «የመንግሥትን አውሬ ገደልህ» ተብሎ የሚጠየቅ ከሆነ ግን ማንም አይናገርም፤ ይህንን የአስተዳደር ኃላፊዎች ከወዲሁ ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

በግጦሽ ወይም በውኃ ዳር የሞተ ድኩላ፣ ከርከሮ ወይም ሌላ አውሬ ያገኘ ሰው ቆዳውን መግፈፍ፣ ሆዱን መቅደድ ወይም ሥጋውን ለውሻ መስጠት የለበትም። አባ ሰንጋ ከሆነ ደሙ አየር ሲያገኝ ጀርሙ ለብዙ ዓመታት በአፈር ውስጥ ወደሚቆይ ዓይነት ይለወጣል። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ስንት አውሬ እንደሞተና በዚያ ውኃ የማን ከብት እንደሚጠጣ ይዞ ለእንስሳት ጤና ጣቢያ መንገር ነው። ሬሳውን መጎተት አያስፈልግም፤ ባለሙያው እስኪደርስ ድረስ ጅብና ውሻ እንዳይደርሱበት ዙሪያውን በእሾህ ማጠር፣ ከብቱንም ከዚያ ማራቅ ይበቃል።